የእትዬ አትነቃነቅ እጅ

እጁ መጀመሪያ የታየው ሳል ይዞት በመጣ የአንድ ትንሽ ልጅ ደረት ላይ ነው።

ራጅ አንሺዋ ልጁን ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። አባቱን ጨረር የማያሳልፈውን የእርሳስ ሽርጥ አለበሰችውና «ሁለቱን እግሮቹን ብቻ ይያዙልኝ፤ ሌላውን ለእኔ ይተዉት» ብላ ወደ መስታወቱ ጀርባ ሄደች። ልጁ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ያለቅሳል፤ ትከሻውን ወዲያና ወዲህ ያወራጫል። እሷ አውራ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ የሚያርፍባትን ቅጽበት ትጠብቃለች። እንዲህ ያለውን ልጅ ቀጥ አድርጎ ማንሳት በሚሮጥ ዶሮ ላይ ኮፍያ እንደ መድፋት ነው። ድንገት ግን ልጁ ዝም አለ። አንድ ሰው በጆሮው የሆነ ነገር እንደ ነገረው ሁሉ ዓይኑን ወደ ጎን አዞረ፤ ረጋ። እሷም ተጫነች።

ምስሉ ያረፈበትን ካሴት ከልጁ ጀርባ አውጥታ ማንበቢያው ውስጥ ከተተችው። ምስሉ መጋረጃ እንደሚወርድ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ስክሪኑ ላይ ወረደ። ጥርት ያለ ነው። የጎድን አጥንቶቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰልፈዋል፤ ልቡ ቦታው ላይ ተቀምጧል። በግራው ትከሻ ላይ ደግሞ አራት ጣቶች አርፈዋል።

«የአባትየው ነው» አለች በሆዷ። አባትየው ግን ሁለት እጆቹን ልጁ ቁርጭምጭሚት ላይ እንዳደረገ በመስታወቱ አይታዋለች። ደግሞም መካከለኛው ጣት ላይ ቀለበት አለ፤ ብረት በራጅ ላይ እንደሚታየው ፍጹም ነጭ። አባትየው ቀለበት የለውም።

ሙያው ያስተማራትን አደረገች፤ ጠርዙን ቆረጠችው። ራጅ የሚያነሳ ሰው ሁሉ ጠርዝ መቁረጥ ያውቃል። የእናት ጣት፣ የተረሳ ሐብል፣ የአንሶላ እጥፋት፣ ሁሉም በጠርዝ በኩል ይገባል፤ በጠርዝ በኩል ይወጣል። ሐኪሙ የሚፈልገው ሳንባውን ነው። ዳር ላይ ማን ቆሞ እንደ ነበር የሚጠይቅ የለም።

በሩን ስትከፍትላቸው ልጁ በአባቱ ትከሻ ላይ እንዳለ ዞር አለ።

«ሴትዮዋስ?»

«የቷ ሴትዮ?»

«እጇ የሚቀዘቅዘው።»

አባቱ ሳቀ። «ትኩሳቱ ነው። ትናንት ደግሞ ኮርኒሱ ላይ ድመት አለ እያለ ሲያስፈራራን ዋለ።»

ራጅ አንሺዋም ሳቀች። ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

ቀለበቱን ታውቀዋለች። በዚያ ሕንፃ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የእትዬ አትነቃነቅ ነው።

እትዬ አትነቃነቅ እሷን ያሠለጠኗት ራጅ አንሺ ነበሩ፤ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ስሙን ያወጡላቸው ልጆች ናቸው። የሚያለቅስ፣ የሚራገጥ፣ የሚናከስ ልጅ ሲመጣባቸው ትከሻው ላይ እጃቸውን ጣል አድርገው «አትነቃነቅ የኔ ጌታ፣ አትነቃነቅ» ይሉታል፤ ልጁም ውሃ እንደ ፈሰሰበት ፍም ጭጭ ይላል። የመካከለኛው ጣታቸው መገጣጠሚያ አብጦ ቀለበቱ በሳሙና ቢሉት፣ በዘይት ቢሉት አልወጣ ብሎ ቀርቶ ነበር። አብሯቸው ተቀበረ።

ክፍሉ ድሮ የወንዶች ነበር። ማሽኑ አዲስ እያለ «ይሄ ጉልበት ይፈልጋል፤ የሴት ሥራ አይደለም» ተብሎ አራት ወንዶች ተቀጠሩ። እትዬ ያኔ ገና ልጅ ነበሩ፤ ፊልም እንዲያጥቡ ብቻ ነው ያስገቧቸው። በኋላ በመንገዱ ግራና ቀኝ የግል ክሊኒኮች እንደ እንጉዳይ ፈሉ። ክሊኒኮቹ ማሽን ገዙ፤ ማሽኑን የሚያውቅ ሰው ግን ከገበያ አይገዛምና በእጥፍ ደመወዝ ከሌላው ቤት ይወስዱ ጀመር። የመጀመሪያው ወንድ ሲሄድ ግብዣ ተደረገለት። ሁለተኛው ሲሄድ ጭብጨባ ብቻ ሆነ። ሦስተኛው በስልክ ተሰናበተ። አራተኛው ጋውኑን ሚስማሩ ላይ ሰቅሎ ወጣ፤ ማንም ሳያየው። እትዬ ይህንን ሲያወሩ እንዲህ ይሉ ነበር፦

«ደመወዙ ሲያንስ ጊዜ ማሽኑም ቀለለ መሰለኝ። ለሴት ሆነ።»

ደንቡ ታማሚን የሚይዘው ቤተሰቡ ነው ይላል፤ ሠራተኛ ከመስታወቱ ጀርባ መቆም አለበት። ደንቡን የጻፈው ሰው ግን ሁለት ሠራተኛ ያለበትን ክፍል እያሰበ ነው የጻፈው። ይዛ የምትመጣው እናት አንዳንዴ ራሷ እርጉዝ ናት፤ አንዳንዴ አያት ነው፣ እጁ ከልጁ በላይ የሚንቀጠቀጥ። ሽርጡም አንድ ነው፤ ታጥፎ ታጥፎ ውስጡ ያለው እርሳስ በየቦታው ተሰነጣጥቋል። ስለዚህ እትዬ ይይዙ ነበር፤ ያውም ዕድሜ ልካቸውን።

አንድ ቀን፣ ተለማማጅ ሳለች፣ «እትዬ፣ ልጆች ስንት ናቸው?» ብላ ጠይቃቸዋለች። አዲስ ሰው የሚጠይቀውን ነበር የጠየቀችው። እትዬ ሽርጡን እየሰቀሉ ነበር። ፊታቸውን ሳያዞሩ መለሱላት።

«የሰው ልጅ ስይዝ የራሴ አመለጠኝ። አንዴ አይደለም። ከዚህ ክፍል የመጣ ይሁን ከላይ የታዘዘ እኔ አላውቅም፤ የጠየቀኝም የለም። እኔም አልተናገርኩ። የጨረር አበሉ ይቀርብኛል፣ ከቦታዬ ያነሱኛል ብዬ ሆዴን ደብቄ ስይዝ ስይዝ...» ሽርጡን በመዳፋቸው ዳበሱት። «ስሚኝ ልጄ። ስታረግዢ መጀመሪያ የምትነግሪው ለባልሽ አይደለም። ለዚህ በር ንገሪው። ከፍተሽው ውጪ።»

ያኔ ሰምታ በሌላው ጆሮዋ አፈሰሰችው። ባልም አልነበራትም።

አሁን ግን ባል አላት፤ የሦስት ወር እርጉዝም ናት።

ምርመራውን የሠራችላት ጎረቤት ክፍል ያለችው ደም መርማሪ ጓደኛዋ ናት። ላብራቶሪው ከጥግ እስከ ጥግ ሴት ነው፤ ደም መርማሪዋ «እኛ ጋ ወንድ የሚታየው በማይክሮስኮፕ ብቻ ነው» ትላለች። ለምሳ ሲቀመጡ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት።

«አንቺዬ፣ እስከ መቼ ነው የምንደብቀው?»

«ምኑን?»

«ባልሽ ሳይሰማ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ላይ አትጫወቺ። ሽንት ሚስጥር አይችልም።»

«አንቺ ግን ትችያለሽ አይደል?»

«እኔማ እችላለሁ። የማይችለው ሆድሽ ነው። ዛሬ ነገ እያልሽ ጋውኑ ራሱ ይናገርብሻል።»

«የቋሚነት ደብዳቤዬ እስኪፈረም ነው። በወሩ መጨረሻ ይፈረማል ብሎኛል ኃላፊው። ከዚያ በፊት ከሰማ አለቀልኝ። ኮንትራት ነኝ እኮ። ካርድ ክፍል ያስገቡኛል፣ አበሉ በማግስቱ ይቆረጣል፣ ስወልድ ደግሞ ኮንትራቱ አብቅቷል ይሉኛል። ስንቷን እንዲህ አድርገው ሸኝተዋል?»

ደም መርማሪዋ በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። የምታውቃቸው ነበሩ የተሸኙት።

ራጅ አንሺዋ ማርገዟን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ወስና ነበር፤ ከእንግዲህ እንደ እትዬ ልጅ አትይዝም። ከመስታወቱ ጀርባ ሆና ትሠራለች እንጂ ወደ ጠረጴዛው አትጠጋም። ያን ጊዜ የልጆቹ ፊልም ሁሉ መበላሸት ጀመረ። አንዱ ደረት እንደ ጭስ ደብዝዞ ይወጣል፤ አንዱ ልጅ ሁለት ራስ ይዞ ይወጣል። ኃላፊው ቢሮው ጠራት። ኃላፊው ሰዓቱን እያየ የሚያወራ ሰው ነው፤ ቢሮው ግድግዳ ላይ ትልቅ ሰዓት እያለ የእጁን ነው የሚያየው።

«ምነው እጅሽ ከበደ? ድሮ እኮ የልጆች ፊልም ያንቺን የሚያህል አልነበረም።»

«ቤተሰቦቹ በደንብ አይዙልኝም ጋሼ።»

«ድሮስ ማን ነበር የሚይዘው?»

እሷ ሁለት እጆቿን ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተች።

«እኔ የማውቀው ነገር የለም» አለ ኃላፊው፣ ሰዓቱን እያየ። «ደንቡ ምን እንደሚል አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ደብዳቤሽን የሚፈርሙት ሰዎች ፊልሙን ነው የሚያዩት። ጥርት ያለ ፊልም ስጪኝ፤ በቃ።»

እጁ የታየው በዚህ ማግስት ነው።

ከዚያ በኋላ የልጆቹ ፊልም ሁሉ ተስተካከለ። የሚያለቅሰው ልጅ ድንገት ዝም ይላል፤ ወደ ጎን ያያል፤ ይረጋል። ምስሉ ሲወርድ ጣቶቹ አሉ፤ አንዴ ትከሻ ላይ፣ አንዴ ግንባር ላይ፣ አንዴ ጉልበት ላይ፤ ነጩ ቀለበት መካከላቸው። እሷም ትቆርጣለች። የጥገና ሠራተኛው ተጠርቶ መጣና ካሴቱን አገላብጦ አይቶ «ያረጀ ካሴት የድሮ ጥላ ይይዛል፤ ቀይሪው» አላት። ቀየረችው። አዲሱም ላይ እጁ መጣ።

ኃላፊው በኮሪደር ሲያገኛት ፈገግ አለላት። «አየሽ? ሲፈልጉ ይቻላል።»

ሰው የማይለምደው ነገር የለም፤ እሷም ለመደችው። መጀመሪያ ስክሪኑን በጣቶቿ መሃል ነበር የምታየው። ቆይታ ቁልፉን ከመጫኗ በፊት በመስታወቱ በኩል «እትዬ፣ ይያዙልኝ» ማለት ጀመረች። በለሆሳስ ነው የምትለው፤ ሰው እንዳይሰማት። ሲይዙላትም «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። አንድ ነገር ብቻ ነበር እንቅልፍ የሚነሳት። መጀመሪያ ጣት ብቻ ነበር የሚታየው። በሚቀጥለው ሳምንት አንጓው ታየ። ከዚያ ክንዱ ታየ፤ ሁለቱ የክንድ አጥንቶች ጎን ለጎን፤ እንደ ሽማግሌ አጥንት የሳሱ። እጁ ከዳር ወደ መሃል እየገባ ነበር። ጠርዙን ስትቆርጥ የምትቆርጠው ቦታ ከቀን ወደ ቀን ሰፋ። አንድ ቀን የልጁን ትከሻ ግማሽ አብራ ቆረጠችው።

ደም መርማሪዋ ስሊፐሯን እያንቋቋች የገባችው በዚያ ቀን ነው። ምስሉ ገና አልተቆረጠም ነበር። ስክሪኑን አየች። የአፏን ጨዋታ አፏ ውስጥ ትታው ቆመች።

«ይሄ... የማን ቀለበት ነው?»

«አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«ወይ ጉድ! ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ነገረቻት። የመጀመሪያውን ልጅ፣ ካሴቱን፣ ክንዱን፣ ሁሉንም። ስትጨርስ «አትፍሪ፣ ክፉ አይደሉም። ልጁን ይይዙልኛል፤ እኔም እንዳልገባ ነው። ደብዳቤው እስኪፈረም ነው» አለች።

ደም መርማሪዋ ቀልድ የማታጣ ሴት ናት። ያን ቀን ግን አልቀለደችም።

«እህቴ» አለቻት፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ «የያዙት ልጁን ብቻ ነው እንዴ? አንቺንስ አልያዙሽም? እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ይሄኔ ከዚህ ክፍል ወጥተሽ ነበር እኮ።»

ያን ዕለት ቤቷ ስትደርስ ባሏ በረንዳው ላይ እንጨት እየላገ ነበር። አናጺ ነው፤ ሥራው አንድ ቀን ይመጣል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል። ቤቱን የሚያቆመው የእሷ ደመወዝ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ግን አያነሱትም። የሚልገው እንጨት ጠባብ ነው፣ ጫፉ የተጠማዘዘ።

«ለማን ነው?» አለችው።

«ለአንድ ደንበኛ።»

«ይከፍላል?»

«እያለቀሰ ይከፍላል። ቁመቱ ይቺን ያክላል» ብሎ በክንዱ ለካላት። አልጋ ነው፤ የሕፃን አልጋ። ሳቀችና አጠገቡ ተቀመጠች። ባሏ መላጊያውን አቆመ።

«ክፍሉ ግን ደህና ነው አይደል? ያ ጨረር የሚባለው?»

«መስታወት አለ።»

«መስታወቱ ወፍራም ነው?»

«ወፍራም ነው» አለች። ውሸት አልነበረም። ባሏ ግን ፊቷን ትንሽ ቆየት ብሎ አየውና ወደ እንጨቱ ተመለሰ። መላጊያው ሲሄድና ሲመጣ የአልጋው ጎኖች አጥንት መሰሏት፤ የጎድን አጥንት። ተነስታ ገባች።

ደብዳቤው ሊፈረም አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ አንዲት እናት ትንሽ ልጇን ታቅፋ እየሮጠች መጣች። ልጅቷ የእጅ ሰዓት ባትሪ ውጣለች፤ ያቺን ክብ፣ ትንሽ፣ የምታብረቀርቀውን። ምራቋን መዋጥ አቅቷት በአገጯ ይወርዳል። ከኋላ የሚከተለው ወጣት ሐኪም «የት ጋ እንደቆመች አሁኑኑ ማየት አለብኝ። ጉሮሮዋ ውስጥ ከሆነች ሥጋውን እያቃጠለችው ነው» አለ። እናትየው ቀኗ የደረሰ እርጉዝ ናት፤ ጨረሩ ስላለ ወደ ክፍሉ መግባት አትችልም። ሐኪሙ ራሱ ባትሪዋን ለማውጣት የሚያስፈልገውን ለማዘጋጀት ተመልሶ ሮጠ።

ራጅ አንሺዋ ልጅቷን አስተኛቻት። ከመስታወቱ ጀርባ ቆመች። ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ እንደ ዓሣ ትገላበጣለች።

«እትዬ፣ ይያዙልኝ።»

ተጫነች። ምስሉ ወረደ። ጭስ ነው፤ አንገት ይሁን ጉልበት አይለይም። እጅም የለበትም።

«እትዬ፣ እባክዎ!»

ልጅቷ ዝም አላለችም። ወደ ጎን የምታየውም ሰው የለም። እንደገና ተጫነች። ምስሉ ወረደ። ልጅቷ ከሥዕሉ ወጥታለች፤ የትከሻዋ ጫፍ ብቻ ይታያል። እጁ ግን መጥቷል። በዚህ ጊዜ ዳር ላይ አልነበረም፤ መሃል ላይ ነው፤ እስከ ክርኑ ድረስ። ማንንም አልያዘም። አራቱ ጣቶች፣ ቀለበቱም ጭምር፣ በሩ ወዳለበት ወገን ተዘርግተዋል።

ሽርጡን ከመስቀያው አነሳች። አሰበች። አንድ ጊዜ ብቻ። ገብታ ትይዛለች፤ የቁልፉን ገመድ ስባ በሌላ እጇ ትጫናለች፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ ያልቃል። ነገ ደብዳቤው ይፈረማል። ማን ያያል? የሚታየውን ደግሞ ትቆርጠዋለች። ሽርጡን በራሷ በኩል አጠለቀችው። ወገቧ ላይ ልታስረው ስትል ሆዷ ላይ ያረፈው እርሳስ ቀዘቀዛት፤ እንደ ብረት ሳይሆን እንደ መዳፍ። የተሰነጠቀው ቦታ በጣቷ ይታወቃል። ስንጥቁ ያለው በትክክል እዚያ ነው፣ እትዬ ልጅ ለመያዝ ሲያጎነብሱ ይታጠፍ በነበረበት፣ ከእምብርት በታች።

ሽርጡን አወለቀች። ያን ከባድ በር በትከሻዋ ገፍታ ከፈተችው።

ኮሪደሩ ሙሉ ነበር። ወረፋ የያዙ ሰዎች፣ እናትየው፣ ጩኸት ሰምታ የወጣችው ደም መርማሪ፣ መሃል ላይ ደግሞ ሰዓቱን የሚያይ ኃላፊ።

«እርጉዝ ነኝ!» አለች። ድምጿ ካሰበችው በላይ ወጣ። «ሦስት ወር አልፎኛል። ይህችን ልጅ መያዝ አልችልም። የሚይዛት ሰው ስጡኝ፤ አሁን!»

የወረፋው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ኃላፊው ከሰዓቱ ላይ ቀና አለ።

«እንዲህ ያለ ነገር አሁን ነው የሚነገረው?»

«አዎ ጋሼ፣ አሁን ነው። ልጅቷ ጉሮሮዋ እየተቃጠለ ነው።»

«ማን... እኔ ሰው ከየት አመጣለሁ?»

«ከየትም አያምጡ ጋሼ» አለች ደም መርማሪዋ፣ ሽርጡን ከራጅ አንሺዋ እጅ ተቀብላ እየዘረጋችለት። «ቁመቱ ልክዎ ነው። ሆዱ ጋ ብቻ ትንሽ ሊጠብዎት ይችላል።»

ከወረፋው አንድ ሰው ሳቀ። ኃላፊው ሽርጡን ለበሰ፤ ምን ያድርግ? የሚያዩት ብዙ ነበሩ። ገባ። ራጅ አንሺዋ እጁን የት እንደሚያደርግ አሳየችው፤ ወደ መስታወቱ ጀርባ ተመለሰች። ልጅቷ እጁን ነከሰችው። እሱም ጥርሱን ነክሶ ቻላት። «አትነቃነቂ» ሲል ሰማችው፤ «አትነቃነቂ የኔ እናት።» የማንን ቃል እንደሚናገር ያወቀ አልመሰላትም።

ተጫነች።

ባትሪዋ ጉሮሮዋ መሃል ላይ ክብ ሆና ቁጭ ብላለች፤ ጥርት ብላ። ዳር ላይ የሰው እጅ አለ፤ ወፍራም፣ አንጓው ላይ ትልቅ ሰዓት የታሰረበት። ዓይኗን አጥብባ ሌላውን እጅ ፈለገችው። ከላይ እስከ ታች ፈለገችው። የለም።

ይህንን ፊልም አልቆረጠችውም። እንዳለ ላከችው፤ ከነሰዓቱ።

ባትሪዋ በጊዜ ወጣች። ልጅቷ ተርፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

ደብዳቤው ግን አልተፈረመም። ራጅ አንሺዋ በማግስቱ ካርድ ክፍል ገባች፤ አበሉም እንዳለችው ተቆረጠ። ባሏ ሲሰማ መላጊያውን ይዞ ሰፈር ለሰፈር ሥራ ፍለጋ ወጣ፤ የሰው በር ሲጠግን፣ የሰው አጥር ሲያቆም ይውላል። በእሷ ቦታ አንድ ወጣት ወንድ ተቀጠረ፤ ያውም በቋሚነት። ወንበሩን ሳያሞቅ የግል ክሊኒክ በእጥፍ ጠራውና ሊሄድ ሆነ። ሊሰናበታት ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ብቅ ሲል ስትፈራ ስትቸር ጠየቀችው።

«የልጆች ፊልም ስታነሳ... ዳር ላይ እጅ አይተህ ታውቃለህ?»

«የምን እጅ?»

«ቀለበት ያለበት።»

«ኧረ እኔስ ምንም አላየሁ፤ ፊልሙ ንጹህ ነው» አላት። ግራ ገብቶት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ራሱ መጣ። አውራ ጣቱ ሥር የልጅቷ ጥርስ ምልክት ገና አለ። እጁን ኪሱ ከቶ መስኮቱ ላይ ተደገፈ።

«ስትወልጂና ስትጠነክሪ ነይ» አለ። «ወንበሩ ባዶ ነው።»

«ወንበሩ መቼ ሞልቶ ያውቃል ጋሼ? ሁለት ሰው ይቀጠር፣ አዲስ ሽርጥ ይገዛ፣ ደብዳቤው ይፈረም። ያኔ እመጣለሁ።»

«በጀት...» ብሎ ጀመረ። ሰዓቱን ሊያይ እጁን አወጣ፤ ዓይኑ የጥርሱን ምልክት አየ። «እናገራለሁ» ብሎ ሄደ። ይናገር አይናገር እሷ አላወቀችም።

ብቻዋን ቀረች። ካርዶቹን ጭኗ ላይ ከምራ ትለያያለች። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። ሆዷ ገፍቷል፤ ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ሲራገጥ፣ ሲገለባበጥ ነው የዋለው። የወጣቱ ቃል በጆሮዋ ይመላለሳል። ፊልሙ ንጹህ ነው። እጁ እዚያ ክፍል ውስጥ የለም። እዚያ ከሌለ ታዲያ የት ሄደ?

ይህን ስታስብ ልጁ ቆመ።

ድንገት ነው የቆመው። አንድ ሰው በጆሮው የሆነ ነገር እንደ ነገረው ሁሉ፣ ዝም አለ፣ ረጋ። ከሆዷ በግራ በኩል ቀዘቀዛት፤ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ። በቅዝቃዜው መሃል አንድ ጠባብ ክብ ነገር ከሌላው ይልቅ ይበርዳል።

አልጮኸችም። እጇን ቀስ ብላ አንስታ በዚያ ቦታ ላይ አሳረፈችው። እትዬ ምን ያህል ልጅ እንደያዙ፣ ማንም እንዳልያዘላቸው አሰበች። ቂም አልነበራትም።

«እትዬ» አለች፣ ድሮ በመስታወቱ በኩል እንደምታንሾካሹከው፤ «ይሄኛው ይነቃነቅ። ይልቀቁት።»

ጠበቀች። ኮሪደሩ ላይ ሰው አለፈ። በር ተዘጋ።

ልጁ ረገጣት። በኃይል ረገጣት፤ ጭኗ ላይ የተከመሩት ካርዶች ተንሸራተው ወለሉ ላይ፣ ፀሐይዋ ውስጥ ተበተኑ። ለማንሳት አልቸኮለችም።